ከቦቴ እስከ ምጣድ፦ ባዮፊዩል በኢትዮጵያ

ባዮፊዩል በቅርብ ጊዜ ከበቀለ ዕፅዋት ወይም ከእንስሳት ተረፈ ምርት የሚገኝ ነዳጅ ነው። ቤንዚንና ናፍጣም ጥንት ሕይወት ከነበራቸው ነገሮች የመጡ ናቸው፤ ከመሬት ሥር ሚሊዮን ዓመታት ስለፈጀባቸው ግን አንዴ ከነደዱ አይተኩም። ሸንኮራ አገዳ ተቆርጦ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ላም ዛሬም ነገም እበት ትጥላለች። ታዳሽ የሚያሰኛቸው ይኸው መተካታቸው ነው። ጫካው ተመንጥሮ ካልተተከለ እንጨትም ታዳሽነቱን ያጣል።

በዚህ ትርጉም ማገዶ፣ ከሰልና ኩበትም ባዮፊዩል ናቸው። ኢትዮጵያ ከምትጠቀመው ኃይል 90 በመቶ ገደማ የሚሆነው ለረጅም ዘመን የተገኘው ከእነዚሁ ነው። በሰሜን ወሎ፣ በወልድያ ገበያ የሚሸጠው የከሰል ጆንያ፣ መርሳ ዙሪያ በአህያ የሚገባው ፍልጥ፣ በጊዳንና በዋድላ ደጋ በየግድግዳው ተለጥፎ የሚደርቀው ኩበት ሁሉ ከዚህ ሒሳብ ይገባል። መንግሥት በስትራቴጂ፣ ፋብሪካ በማጣሪያ፣ ባለሀብት በመሬት ሊዝ ያመጡት ዘመናዊ ባዮፊዩል በዚህ በነበረው ላይ የተደረበ ነው። ሁለቱ እንዴት እንደተገናኙ፣ ይልቁንም የትና ለምን እንዳልተገናኙ ካልታየ የኢትዮጵያ የባዮፊዩል ታሪክ ግማሹ ይቀራል።

የዘይት ዋጋና የ2000 ዓ.ም. ስትራቴጂ

ከዕፅዋት የሚገኝ ዘይት ሞተር እንደሚያንቀሳቅስ ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የሩዶልፍ ዲዝል ሞተር እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ ዐውደ ርእይ ላይ በኦቾሎኒ ዘይት ሲሠራ ታይቷል። የድንጋይ ዘይት ርካሽ በሆነበት ዘመን ሁሉ ግን ሐሳቡ ተኝቶ ይከርማል፤ ዘይት ሲወደድ ይነቃል። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ቀውስ ሲመታት ከሁለት ዓመት በኋላ ፕሮአልኮል የተባለውን ፕሮግራም አውጥታ ከአገዳዋ ኢታኖል ጠምቃ ለመኪና ማጠጣት ጀመረች። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2007 ባወጣቻቸው ሕጎች ከበቆሎ የሚገኘውን ኢታኖል በግዴታ ቤንዚን ውስጥ አስገባች። ሁለቱም ሀገሮች በእጃቸው የተረፈ ሰብል ነበራቸው። ይህ ነጥብ ኢትዮጵያ ላይ ሲደረስ ክብደቱ ይታያል።

ኢትዮጵያ ቤንዚኗንና ናፍጣዋን በሙሉ የምትገዛው ከውጭ፣ በውጭ ምንዛሪ ነው። ነዳጁ በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፤ ቦቴዎች በጋላፊ አድርገው ያስገቡታል። ለወሎ የሚሆነው ጭነት ሚሌ ላይ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ በባቲ ዳገት ወደ ኮምቦልቻ ይወጣል፤ ከዚያ ደሴን፣ ሐይቅን፣ ውጫሌንና ውርጌሳን አልፎ መርሳና ወልድያ ማደያዎች ይገባል። በዚህ ረጅም ሰንሰለት አንዱ ቀለበት ሲላላ ቤንዚን ማደያው ላይ ይጠፋና በየጥጉ በፕላስቲክ ጠርሙስ ብቅ ይላል። የባጃጅ ሰልፍ መንገዱን ይሞላል፤ ታሪፍ ይጨምራል። ሐምሌ 2000 ዓ.ም. ላይ የአንድ በርሜል ድፍድፍ ዘይት ዋጋ በዓለም ገበያ 147 ዶላር በደረሰ ጊዜ የሀገሪቱ የነዳጅ ወጪ የወጪ ንግድ ገቢዋን ይበላ ነበር።

የማዕድንና ኢነርጂ ሚኒስቴር የባዮፊዩል ልማትና አጠቃቀም ስትራቴጂውን ያወጣው በዚያው በ2000 ዓ.ም. መባቻ ነው። ሰነዱ ሁለት መንገድ ይዟል። አንደኛው ከስኳር ፋብሪካዎች ተረፈ ምርት ኢታኖል አምርቶ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ነው። ሁለተኛው እንደ ጃትሮፋና ጉሎ ያሉ የዘይት ተክሎችን አልምቶ ናፍጣን የሚተካ ባዮዲዝል ማውጣት ነው። መጀመሪያው በእጅ ካለ ነገር ይነሣል፤ ሁለተኛው ገና መሬት ይፈልጋል። ቀጥሎ የሆነውን ሁሉ ይህ ልዩነት ወስኖታል ማለት ይቻላል።

ሞላሰስ

ስኳር ፋብሪካ አገዳውን ጨምቆ፣ ጭማቂውን አፍልቶ፣ ስኳሩን ከለየ በኋላ የሚቀረው ወፍራም ጥቁር ፈሳሽ ሞላሰስ ይባላል። ስኳሩ ሙሉ በሙሉ አልወጣለትም፤ ከዚህ በላይ ማውጣት ግን አያዋጣም። ከፊሉ ለከብት መኖ ይሸጣል፤ ሌላው ማጠራቀሚያ ሞልቶ ራስ ምታት ይሆናል። ኢታኖል የሚወጣው ከዚህ ነው። አሠራሩ አረቄ ከምታወጣ ባልቴት ሥራ በመሠረቱ አይለይም፦ ስኳሩ በእርሾ ይብላላል፣ ድፍድፉ ይሞቃል፣ አልኮሉ በ78 ዲግሪ ከውኃው ቀድሞ ይተናል፣ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ይጠራቀማል። ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ይመጣል። በማፍላት ብቻ የፈለገውን ያህል ቢደጋገም ከ96 በመቶ ያለፈ ንጹሕ አልኮል አይገኝም፤ የቀረው ውኃ ከአልኮሉ ጋር አብሮ ይተናል። ለመኪና የሚሆነው ግን 99.5 በመቶ ያህል የጠራ መሆን ስላለበት የመጨረሻው ውኃ በልዩ ማጣሪያ ይነጠላል። በጥቅሉ ሲሰላ ከ10 ቶን አገዳ 4 ኩንታል ገደማ ሞላሰስ ይወጣል፤ ከዚህም 100 ሊትር ያህል ኢታኖል ይገኛል።

በኢትዮጵያ ዘመናዊ የስኳር ሥራ የተጀመረው በ1946 ዓ.ም. ኤች ቪ ኤ በተባለው የሆላንድ ኩባንያ ወንጂ ላይ ነው። ኢታኖል ግን የመጣው ከ1990ዎቹ ጀምሮ፣ በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ከተተከለው የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ጋር ነው። የፊንጫ ማምረቻ መጀመሪያ በዓመት 8 ሚሊዮን ሊትር፣ በኋላ ተስፋፍቶ 20 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም ነበረው። የመተሐራው ደግሞ 12.5 ሚሊዮን ሊትር ታስቦ ተሠራ። ፊንጫ ማምረት ከጀመረ በኋላ ለዓመታት ኢታኖሉ የሀገር ውስጥ ነዳጅ ገበያ አላገኘም ነበር፤ በሀገር ውስጥ ቤንዚን ውስጥ የሚያስገባው ደንብም ሆነ ማደባለቂያ ስላልነበረ።

መደባለቂያው ሱሉልታ በሚገኘው የናይል ፔትሮሊየም ዴፖ ተተክሎ በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የሚሸጠው ቤንዚን 5 በመቶ ኢታኖል እንዲይዝ ተደረገ። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. መጠኑ ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። ሌሎች የነዳጅ አከፋፋዮችም በኋላ ገቡበት። ሾፌሮች ብዙ አጉረመረሙ፤ መኪናዬ ጉልበት አጣ፣ ካርቡራተሬ ተደፈነ የሚሉ ነበሩ። ቅሬታው ጨርሶ መሠረት የለሽ አልነበረም። አንድ ሊትር ኢታኖል የያዘው ኃይል የአንድ ሊትር ቤንዚንን ሁለት ሦስተኛ ያህል ስለሆነ በ10 በመቶ ድብልቅ የሚነዳ መኪና በአንድ ታንከር የሚሄደው መንገድ በ3 በመቶ ገደማ ያጥራል። ኢታኖል ጋኑ ውስጥ የተጋገረውን ቆሻሻ እያሟሟ ያወርዳል፤ አሮጌ የጎማ ቧንቧም ያለሰልሳል። በሌላ በኩል የቤንዚኑን ኦክቴን ከፍ ያደርጋል፣ ቃጠሎውንም ያጠራል። እንደ አዲስ አበባ ባረጁ መኪናዎች በታጨቀ ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ቦታውን ሱሉልታ ያደረገው የኢታኖል ጠባይ ነው። ኢታኖል ውኃ ይስባል። ድብልቁ በጉዞ ወይም በጋን ውስጥ ውኃ ካገኘው አልኮሉ ከቤንዚኑ ተለይቶ ከውኃው ጋር ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ከላይ ኦክቴኑ የወረደ ቤንዚን፣ ከታች ሞተር የማያስነሣ ፈሳሽ ይቀራል። ስለዚህ ሁለቱ ተለያይተው ተጉዘው ገበያው ደጃፍ ላይ መደባለቅ አለባቸው። አዲስ አበባ ከፍተኛው ገበያ ስለሆነች፣ ኢታኖሉም የሚመጣው ከምዕራብና ከምሥራቅ ወደ መሀል ስለሆነ ሱሉልታ ተመረጠ። ከጅቡቲ በሚሌ ወደ ኮምቦልቻ የሚወጣው የወሎ ቤንዚን ግን ሱሉልታን አያይም። ስለዚህ ሀገሪቱ ባዮፊዩል ተጠቃሚ ሆነች በተባለባቸው ዓመታት ወልድያ ላይ ባጃጅ የሚቀዳው ቤንዚን ከፊንጫ አንዲት ጠብታ አልነበረበትም።

መጠኑም ቢሆን ትንሽ ነበር። ሁለቱ ማምረቻዎች ሙሉ አቅማቸውን ቢያወጡ እንኳ ድምሩ 32.5 ሚሊዮን ሊትር ነው፤ ሙሉ አቅማቸውን ደግሞ ሁልጊዜ አያወጡም። ስኳር ፋብሪካ በክረምት አገዳ መፍጨት ያቆማል፤ መለዋወጫ ይጠፋል፤ አገዳው ይቀንሳል። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ኢታኖል በዓመት ከመቶ ሚሊዮን ሊትር በላይ እንዲደርስ የታሰበው ኩራዝ፣ ጣና በለስ፣ ተንዳሆና አርጆ ደዴሳ የተባሉት የስኳር ፕሮጀክቶች በሰዓቱ ተጠናቀው ሞላሰስ ያፈሳሉ ተብሎ ነበር። ተንዳሆ ለሰሜን ወሎ የቅርብ ጎረቤት ነው፤ በአፋር፣ በአዋሽ ታችኛው ተፋሰስ ላይ። ፕሮጀክቶቹ ግን በዓመታት ዘገዩ፤ አንዳንዶቹም ተጀምረው ተንገዳገዱ። ሀገሪቱ ስኳር ራሱን ከውጭ እየገዛች ባለችበት ሁኔታ የስኳር ተረፈ ምርት ሞልቶ ይፈሳል ብሎ መጠበቅ ከጅምሩ ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ሌላም ዕዳ አለበት፦ ለአንድ ሊትር ኢታኖል ከአሥር ሊትር በላይ ቀይ ቡናማ ፍሳሽ ይወጣል፤ ወንዝ ውስጥ ከተለቀቀ ዓሣ ይጨርሳል።

የተገኘችውም ጥቂት ኢታኖል ፈላጊዋ ብዙ ሆነ። ጋይያ የተባለው ማኅበር ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በኢታኖል የሚሠራ የስዊድን ምድጃ ሲያስተዋውቅ ነበር። ጅጅጋ አጠገብ በቀብሪ በያህ የስደተኞች ጣቢያ እንጨት ፍለጋ የሚወጡ ሴቶች ይደፈሩ፣ ከአካባቢው ነዋሪም ጋር ይጋጩ ነበር፤ ምድጃው ሲገባ ይህ ጉዞ ቀነሰ። ጭስ የለውም፣ ጥላሸት የለውም፣ እንደ ላምባ ምድጃ አይሸትም፣ ጋኑ ቢገለበጥም አይፈስም። መንግሥት ቤንዚን መደባለቅ ሲጀምር ግን ኢታኖሉ ወደ መኪናው ዞረና ለምድጃ የሚሆነው እጥረት ገጠመው። ምርጫው በሒሳብ የሚያስኬድ ይመስላል፤ ቤንዚን በዶላር ይገዛል፣ ማገዶ አይገዛም። ማገዶውን የምትሸከመው ሴት ጉልበትና ሳንባ ግን በየትኛውም የውጭ ምንዛሪ ሠንጠረዥ ውስጥ አይገባም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ደግሞ ኢታኖል ለሳኒታይዘር ተፈለገ። የቤንዚኑ ድብልቅ በእነዚህ ዓመታት የቀጠለው በመቆራረጥ ነው።

ጉሎ፣ ጃትሮፋና መሬት

ስትራቴጂው ለዘይት ተክሎች ተስማሚ ነው ያለው መሬት 23 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ነበር። በዚያን ጊዜ የሀገሪቱ ገበሬ ሁሉ በሰብል የሸፈነው መሬት ተደምሮ ከዚህ ያንስ ነበር። አኃዙ የተገኘው ከሙቀት፣ ከዝናብና ከከፍታ ካርታ ነው። ካርታው ላይ ባዶ የታየው መሬት ግን የከብት ግጦሽ፣ የማገዶ ዱር፣ የዱር እንስሳ መኖሪያ ወይም ተራውን የሚጠብቅ የማሳ ዕረፍት ነው። በምሥራቅ ሐረርጌ ፍሎራ ኢኮፓወር የተባለው የጀርመን ኩባንያ ጉሎ ሊተክል የወሰደው መሬት ከባቢሌ የዝሆን መጠለያ ጋር ተደራርቦ ከፍተኛ ውዝግብ አስነሣ። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሰን ባዮፊዩልስ ጃትሮፋ ሞከረ። በወላይታ ሌላ ኩባንያ ገበሬው በራሱ ማሳ ጉሎ እንዲዘራ ውል አዋዋለ፤ በ2000 ዓ.ም. የበልግ ዝናብ ሲቀር ከእህል ይልቅ ጉሎ የዘራው ሰው የሚበላው አልነበረውም። ዘይት በ147 ዶላር ጊዜ አዋጭ የመሰለው ሥራ በዓመቱ ዋጋው ሲወድቅ ገንዘብ አጣ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ኩባንያዎቹ አብዛኞቹ ተበታተኑ፤ ባዮዲዝል በብዛት ማደያ ሳይደርስ ቀረ።

ከእነዚህ ሁሉ ልብ ተብሎ ሊታይ የሚገባው የባቲ ጉዳይ ነው። ባቲ መርሳ ካለችበት ከሀብሩ ወረዳ በስተደቡብ፣ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ የደጋውና የአፋር መሸጋገሪያ ላይ ናት። ጃትሮፋ፣ በአካባቢው አይደርቄ የሚሉት፣ እዚያ የተለመደው ለነዳጅ ተብሎ አይደለም፤ ለአጥርና ለአፈር ጥበቃ ነው። ቅጠሉም ፍሬውም መርዛማ ስለሆነ ፍየል አትነካውም፤ ሥሩ የተቦረቦረ መሬት ይይዛል። ፍሬው ከ30 እስከ 40 በመቶ ዘይት አለው። ይህን ያዩ ድርጅቶች ባቲ ላይ ጃትሮፋን ለነዳጅ ማስፋፋት ሲሞክሩ ተመራማሪዎች ተከታትለው አጥንተውታል። የደረሱበት ድምዳሜ ቀላል ነው፦ በአጥር መልክ፣ ማንም በማያርሰው ዳርቻ ላይ ሲተከል ለቤተሰብ ጥቂት ተጨማሪ ገቢ ያስገኛል፤ የእህል መሬት ተወስዶበት ሲተከል አያዋጣም። ጃትሮፋ ድርቅ ይችላል የሚለው ማስታወቂያ ግማሽ እውነት ነበር። በድርቅ አይሞትም፤ ፍሬ ግን አይሰጥም። የሚሰጠውም ከሦስት አራት ዓመት በኋላ ነው፤ አንድ በአንድ በእጅ ይለቀማል።

ሀብሩም ተመሳሳይ መልክዓ ምድር አለው። በምሥራቅ ከአፋር ይዋሰናል፣ በደቡብ የሚሌ ወንዝ ከደቡብ ወሎ ይለየዋል፤ መርሳ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ወልድያ ከ2,000 በላይ ትወጣለች። ጉሎ በየጎርፍ መውረጃውና በየጓሮው ራሱ በቅሎ ይታያል። ዋናው ሰብል ማሽላ ነው፤ ጤፍም ይከተለዋል። በዓለም ላይ ስለ ባዮፊዩል የሚጻፉ ጽሑፎች የማሽላ አገዳን «የሰብል ተረፈ ምርት» ይሉታል፤ ከዚያም ስንት ቶን ተረፈ ምርት በከንቱ እንደሚቀር ያሰላሉ። ሀብሩ ላይ በከንቱ የሚቀር አገዳ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ቅጠሉና ለጋው የበሬ ቀለብ ነው፤ ጠንካራው ለቤት፣ ለአጥርና ለጎተራ ይሆናል፤ ሥሩና ጉቶው ተነቅሎ ደርቆ ምጣድ ሥር ይነዳል።

ይህ ምን ያህል ከባድ ጉዳይ እንደሆነ ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ሥራ ያሳያል። ዝናብ እያጠረ ሲመጣ ማዕከሉ ቶሎ የሚደርሱ የማሽላ ዝርያዎችን አወጣ፤ አንዱ በዚያው በወረዳው በምትገኘው ከተማ ስም ግራና-1 ተባለ። ቶሎ የሚደርስ ማሽላ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው። ገበሬው ግን በሚያዝያ ተዘርቶ በጥቅምትና በኅዳር የሚደርሰውን ረጅሙን የአገሩን ዘር በቀላሉ አይተውም። ፍሬው ብቻ ቢሆን ይለውጥ ነበር፤ አገዳው የከብቱ ቀለብና የቤቱ ማገዶ ስለሆነ ዝናቡ ከጀመረለት አደጋውን ይወስዳል። በኩንታል ብቻ የሚለካ የዝርያ ምርጫ ይህን ሊያይ አይችልም።

ጥንቅሽም መነሣት አለበት። ጣፋጭ አገዳ ያለውና ሕፃን አዋቂው ልጦ የሚያኝከው ይህ የማሽላ ዓይነት በሌላው ዓለም የኢታኖል ተክል ነው፤ ህንድና ቻይና ከጭማቂው ነዳጅ ለማውጣት ሠርተውበታል። ፍሬው ለእህል፣ ጭማቂው ለኢታኖል፣ ተጨምቆ የቀረው አገዳ ለከብት መሆኑ በወረቀት ላይ ያማልላል። ሆኖም አገዳው ከተቆረጠ በኋላ ስኳሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቀንሳል፤ ስለዚህ መጭመቂያው ማሳው አጠገብ መሆን፣ አዝመራውም በአንድ ሳምንት ሳይሆን ተራ በተራ መድረስ አለበት። በወሎ ጥንቅሽ በየማሳው ዳር ጥቂት ጥቂት የሚዘራ የእሸት ሰሞን ምግብ ነው፤ እስካሁንም በዚያው ይገኛል።

እበት

ከዘመናዊ ባዮፊዩሎች ሁሉ ወደ ገጠር ቤት ደጃፍ የደረሰው ባዮጋዝ ነው። እበት ከውኃ ጋር ተበጥብጦ አየር በማይገባበት ጉድጓድ ሲቀመጥ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ ከሚወጣው ጋዝ ከግማሽ በላዩ የሚነድ ሚቴን ነው። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሙከራ አምቦ እርሻ ኮሌጅ ውስጥ የተደረገ ሲሆን በቀጣዮቹ ዐሥርት ዓመታት በየቦታው 1,000 ያህል ማብላያዎች ተሠርተው ነበር። ከእነዚህ 40 በመቶ ያህሉ ሥራ አቁመው ተገኙ። ይህን ልምድ ይዞ በ2001 ዓ.ም. የተነሣው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በኔዘርላንድስ ድጋፍ፣ ኤስ ኤን ቪ በተባለው የልማት ድርጅት አማካሪነት በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በያኔው የደቡብ ክልል 14,000 ማብላያ ለመሥራት ዐቀደ። እስከ 2006 ዓ.ም. የተሠራው ከ8,000 ጥቂት በለጠ። በኋላ የአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ተጨምሮበት ቀጥሏል።

የተመረጠው ንድፍ ከኔፓል ተወስዶ ለሀገሩ የተስማማውና ስንዱ የተባለው ነው። በድንጋይና በሲሚንቶ ከመሬት በታች የሚሠራ ጉልላት ሲሆን መጠኑ ከ4 እስከ 10 ሜትር ኪዩብ ይደርሳል። ለ6 ሜትር ኪዩቡ በየቀኑ 30 ኪሎ ገደማ እበትና እኩል ውኃ ያስፈልጋል። ይህ ማለት ሌሊት በረት የሚያድሩ ቢያንስ አራት ከብቶች፣ ሁለት ጄሪካን ውኃ፣ በየማለዳው እበቱን ከገለባና ከጠጠር ለይቶ በማስገቢያው የሚበጠብጥ ሰው ማለት ነው። ገለባ ከገባ ላይ ላዩን ይጋግራል፤ ጠጠር ከገባ ታች ይቆለላል። ጉልላቱ ውስጥ የተጠራቀመው ጋዝ ዝቃጩን እየገፋ ወደ መውጫው ያወጣዋል፤ ጋዙ በቱቦ ማድቤት ይገባል፣ በሰማያዊ ነበልባል ይነዳል፣ በቀን አራት አምስት ሰዓት ያህል ወጥና ሻይ ያበስላል። የሚወጣው ዝቃጭ ሽታው የጠፋ፣ ናይትሮጅኑ ያልተነካ ማዳበሪያ ነው። እበት ኩበት ሆኖ ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ እዚህ ግን እሳቱም ማዳበሪያውም ከአንድ እበት ይገኛሉ። የባዮጋዝ ትልቁ ብልጫ ይኸው ነው፤ ብዙ ተጠቃሚዎችም ከጋዙ ይልቅ የሚያወድሱት ዝቃጩን ነው።

ሰሜን ወሎ ላይ ችግሩ የተገላቢጦሽ ይመጣል። ባክቴሪያዎቹ የሚወዱት 35 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ነው፤ መርሳና የሀብሩ ቆላ ለዚህ ይመቻሉ። በዳውንትና በዋድላ ደጋ ጉድጓዱ ስለሚቀዘቅዝ ያው እበት የሚሰጠው ጋዝ ይቀንሳል። ከኩበት መላቀቅ አጥብቆ የሚያስፈልገው ግን ዛፍ የጠፋበት ደጋው ነው። በቆላው ደግሞ ሙቀቱ ሲኖር ውኃው ይርቃል፤ በድርቅ ዓመት ከብቱም ወደ ግጦሽ ይሄዳል ወይም ይሸጣል። መስኖ ያላቸው፣ ከብታቸውን አስረው የሚቀልቡ ቤተሰቦች ሁለቱንም ያሟላሉ፤ እነሱ ግን ቀድሞም የተሻለ ኑሮ ያላቸው ናቸው።

ባዮጋዝን ከሁሉ በላይ የፈተነው እንጀራ ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የሸክላ ምጣድ መሀሉም ዳሩም እኩል፣ ከ200 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት፤ ያለዚያ ዓይን አያወጣም፣ ዳሩ ሊጥ ሆኖ ይቀራል፣ ከምጣዱም አይላቀቅም። የወጥ ማብሰያው ትንሽ ነበልባል ምጣዱን ከሥሩ አንድ ቦታ ያነደዋል እንጂ አያዳርሰውም። ሰፊ ማቃጠያ ቢሠራለት ደግሞ የቀኑን ጋዝ ገና ጥቂት እንጀራ ሳይወጣ ይጨርሳል። የባዮጋዝ ምጣድ ለመሥራት በሀገር ውስጥ ተደጋጋሚ ሙከራ ተደርጓል፤ የጋዙ መጠን ግን አብዛኛውን ቤት ይወስነዋል። ከቤተሰቡ ማገዶ ከግማሽ በላይ የሚበላው ጋገራ ስለሆነ ባዮጋዝ የገባበት ቤት እንኳ ሦስቱን ጉልቻ አላነሣም። ፕሮግራሙ ሲነደፍ ለወጡ ታስቦ ለእንጀራው ያልታሰበ ይመስላል።

የባሕር ዛፍና የምድጃ መንገድ

ለምጣዱ በእውነት የደረሱለት ሁለት ነገሮች ከባዮፊዩል ስትራቴጂው ቀድመው የመጡ ናቸው። አንዱ ባሕር ዛፍ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ማገዶዋን ጨርሳ ለመነቀል በተቃረበች ጊዜ ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ ከተማዋን አቆያት፤ ቀጥሎም በየገጠሩ ተዛመተ። ምንጭ ያደርቃል፣ ሥሩ ሌላ ተክል አያስጠጋም ተብሎ ሲነቀፍ ኖሯል፤ ነቀፋው ውሸት አይደለም። ቢሆንም በታቀደም ሆነ ባልታቀደ መንገድ ኢትዮጵያ ውስጥ በስፋት የተሳካ የነዳጅ ተክል እሱ ብቻ ነው፤ ገበሬው ያለ ቀስቃሽ ይተክለዋል፣ ተቆርጦ ያቆጠቁጣል፣ ገበያ አለው።

ሌላው ምርጥ ምድጃ ነው። በ1980ዎቹ በመንግሥት የኢነርጂ ጥናት ማዕከል የተሠራው ይህ ምድጃ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀይ አሸዋ በቅርጽ የሚወጣ ሲሆን አራት ክፍሎች ምጣዱን ዙሪያውን ይከቡታል፤ ሌሎች ሁለት ደግሞ ከኋላ ጭሱ የሚወጣበትንና ድስት የሚጣድበትን ይሠራሉ። እሳቱ ስለማይባክን ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ ድረስ ማገዶ ይቆጥባል። ለከሰል ላቀች የተባለው ምድጃ ሩብ ያህል ያድናል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋም አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃን ከዋና ሥራዎቹ አንዱ አድርጎታል፤ በዚያው ዘመን በተያዘው የአምስት ዓመት ዕቅድም 9 ሚሊዮን ምድጃ ለማሰራጨት ታስቦ ነበር። በየወረዳው ተደራጅተው ምድጃውን የሚያመርቱት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ሲሚንቶ ሲወደድ ምድጃውም ይወደዳል፤ ሲሚንቶ ሲጠፋ ይጠፋል።

የሀገሪቱ የነዳጅ ፖሊሲ ዓይኑን ከኢታኖል ወደ ኤሌክትሪክ አዙሯል። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። መኪናው በዚህ መንገድ ከሄደ ኢታኖል የሚያስፈልገው ቦታ ተመልሶ ምድጃው ሊሆን ይችላል፤ ሞላሰስ እስካለ ድረስ። ምጣዱ ግን ቶሎ አይከተልም። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ በወልድያ ከተማ ሁለት ሦስት ቤት በአንድ ሰዓት ከጋገረ መስመሩ ይደክማል፣ መብራቱ ይደበዝዛል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያንና መርሳን መብራትም ነዳጅም ባሳጣበት ጊዜ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለውም የሌለውም ወደ ፍልጥና ወደ ከሰል ተመልሷል። ዛሬ የከተማው ቤት አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም አጣምሮ ይይዛል፦ መብራት ሲኖር የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ሲጠፋ ምርጥ ምድጃ ወይም ጉልቻ፣ ለቡናና ለወጥ ከሰል። በገጠሩ ሀብሩ የማሽላ ጉቶ፣ ባሕር ዛፍና ኩበት ዋናውን ድርሻ ይዘዋል፤ ውኃና ከብት ያላቸው ቤተሰቦች ደግሞ ባዮጋዝን ለወጡ ይጨምሩበታል።